ወደ ገጽ ሰባት ዞሯል

የሺእመቤት ተከራይዋን ያደሳን መጠርጠር የጀመረችው አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢው ተጠርጎ ስላገኘችው ነው። ማንም አላዘዘውም። ቅጠሉን ሰብስቧል፣ የቧንቧውን መውረጃ የዘጋውን ጭቃ አውጥቷል፣ መጥረጊያውን አጥቦ ግድግዳ አስደግፏል፣ ከዚያ ወደ ሰርቪስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ሌላ አከራይ ብትሆን «ተባረክ» ብላ ታልፍ ነበር። እሷ ግን መጽሐፍ ቅዱሷን በብብቷ እንደያዘች ንጹሑን መሬት ቆማ ስትመረምረው ቆየች። ኮልፌ ውስጥ ስትኖር ለብዙ ወንደላጤ ክፍል አከራይታለች፤ የሚሰክር አይታለች፣ የሚሳደብ አይታለች፣ ፍራሹን ትቶ የጠፋም አይታለች። ሳይታዘዝ ግቢ የሚጠርግ ግን አላየችም።

«ምን ሊደብቅ ነው?» አለቻት ልጇን ሳያትን።

«ቆሻሻውን» አለች ሳያት ከስልኳ ቀና ሳትል።

«አንቺ ቀልጂ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የሺእመቤት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ከወዲሁ መናገር ይገባል። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርስ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተከል የምትገኝ ሴት ናት። የእሷ ጥርጣሬ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከንባብ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ያነበበ ሰው ሲጠረጥር ማስረጃ ይጠቅሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ጌታ የሄደው ባሏ ጉልላት ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ማር ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። ያኔ ኮረሪማ የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ ደግሞ በኪሎ ይገዛል። ጉልላት ታዲያ ሳያነብ አይጠቀልልም። ደንበኛ እጁን ዘርግቶ እየጠበቀው «አንዴ ይቺን ልጨርሳት» ይላል። የወደደውን ወደ ቤት ያመጣና በዱቄት ሙጫ የጓዳውን የጭቃ ግድግዳ ይለጥፍበታል። ግድግዳ በጋዜጣ መለጠፍ በጊዜው የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነበር። ሌላው ብርድና አቧራ ለመከላከል ሲለጥፍ፣ ጉልላት የሚለጥፈው ተኝቶ ለማንበብ ነው። ዜና አይለጥፍም። «ዜና ነገ ይደርቃል፤ የሚቆየው ሐተታው ነው» ይል ነበር።

እሱ ካለፈ በኋላ የቤቱ ፊት በብሎኬት ታደሰ፣ ጓዳው ግን እንዳለ ቀረ። የሺእመቤት ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ግድግዳውን ታነባለች። ስታነበውም በጣም ይገርማታል። ስለ ኑሮ ውድነት የተጻፈው ትናንት የተጻፈ ይመስላል። የመብራት መጥፋቱ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ ባለሥልጣኑ ሰጡ የተባለው ምክንያት ሳይቀር ቃሉ አልተለወጠም። አንድ ሰሞን ስኳር ሊጠፋ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሱቅ ለሱቅ ሲራኮት፣ እሷ ግድግዳዋ ላይ ያለውን አንብባ «ይሄ ያኔም ተብሎ ነበር፣ ነጋዴው ነው የሚያስወራው» ብላ ቁጭ አለች። ሳምንት ሳይሞላ ስኳሩ መጣ። ከዚያ ወዲህ እድር ላይ ነገር ሲከብድ «ግድግዳው ምን ይላል?» ይሏታል፤ ሲሏት እየቀለዱ ነው፣ መልሷን ግን ያዳምጣሉ።

ከሁሉም የምትወደው ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ያለውን ነበር። ርዕሱ «ጎረቤታችን ማን ነው?» ይላል። ጸሐፊው ስሙን አልገለጸም፣ «ታዛቢ» ብሎ ነው የፈረመው። የሺእመቤት በቃሏ ትለዋለች፦ «ሌባ እየጮኸ አይመጣም። ዝምተኛውን ተከራይ ፍሩ። ከቦርሳው የማይለየውን፣ ሲገባ አንገቱን የሚደፋውን፣ ከየት ነህ ሲሉት መልሱን የሚያሳጥረውን ፍሩ። ዘመኑ የዋህ የሚኖርበት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱ ያስገባ፣ ነገ ደጁ ላይ ለቅሶ ሲሰማ...» ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ ወደ ገጽ 7 ዞሯል።

ገጽ ሰባት ከጀርባ ነበር፣ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ። የሺእመቤት ቀሪውን ፈልጋ አታውቅም። አንድም የጉልላትን የእጅ ሥራ መንካት ስለሚከብዳት ነው። አንድም፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ግማሹ በቅቷት ነበር።

እንግዲህ ያደሳ ወደዚህ ግድግዳ ነው ተከራይቶ የመጣው። ቀን ቀን አጠና ተራ አካባቢ ካለ የብረት በር መሥሪያ ውስጥ ይበይዳል። ከሥራ ሲወጣ ግን ወደ ቤት አይመጣም። ጥቁር ቦርሳውን አንግቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዳንዴ ሲመሽ፣ አንዳንዴ ራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይመለሳል። የት ነበርክ ያለው የለም፤ የት ነበርኩ ብሎ የተናገረውም የለም። ስልኩ ሁለት ነው። አንደኛው ደህና ስልክ፣ ሌላኛው ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ። ሲገባ «እንዴት አመሹ እትዬ የሺ» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ፤ አለቀ። ራት ብላ ስትለው «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። የሺእመቤት አንገቱን በደፋ ቁጥር የግድግዳው መስመር በጆሮዋ ይነበባል።

አንድ ቀን ከሰዓት ውኃ መጥታ ጀሪካን ልትሞላ ስትሄድ የክፍሉ መስኮት ገርበብ ብሎ አየች። ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየች። ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ተወጥሯል፣ ሲባጎው ላይ ረጃጅም የነጭ ጨርቅ ቁራጮች ተሰጥተዋል። ታጥበዋል፤ ያልለቀቀ ቡናማ ነገር ግን ይታይባቸዋል። ደም ነው። የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ሁለቱን ቀብራለች፣ ደም ታውቃለች። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯ ላይ እስኪፈስ ድረስ ቆማ ቀረች።

«እማ፣ ለምን አትጠይቂውም?» አለች ሳያት፣ ማታ ስትነግራት።

«ምን ብዬ?»

«ይሄ ምንድን ነው ብለሽ ነዋ።»

«አዪዪ፣ ልጅ ነሽ። የሚደብቅ ሰው ሲጠየቅ ይነቃል።»

ያደሳን አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ጌታን ነው፤ ያውም በሰው ፊት። ረቡዕ የቤት ለቤት የጸሎት ኅብረት ሲሰበሰብ፣ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል እጇን አወጣች። «ቤቴ አንድ ተከራይ አለ። መንፈሴ አልተቀበለውም። ሸክም ሆኖብኛል፣ በጸሎት አስቡኝ» አለች። ሐሜት አልነበረም። በእነሱ ዘንድ ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የጸሎት ርዕስ ግን ኃጢአት አይደለም። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሻይ እየጠጡ፣ «በትክክል እንድንጸልይ ዝርዝሩን ንገሪን» አሏት። ነገረቻቸው። ቦርሳውን፣ ስልኮቹን፣ ጨርቁን።

እዚያ ከነበሩት አንዷ ባለሱቋ ብርቅዬ ናት፣ የሺእመቤት የልብ ጓደኛ። ብርቅዬ ቡራዩ በር አካባቢ ስላደገች ኦሮምኛ እንደ አማርኛዋ ነው። ሻይዋን አስቀመጠች።

«እኔም ዝም ብዬ ነው እንጂ» አለች። «ካርድ ሊገዛ መጥቶ፣ በዚያች በተፋቀችዋ ስልክ በኦሮምኛ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ሰዎቹ ስለ አንዲት ሴት ይጠይቁታል። 'ደህና ናት፣ ሀብታም ቤት ሥራ ይዛለች፣ አሁን ስልክ ማንሳት አትችልም' ይላቸዋል። ሲናገር ፊቱ ሌላ ነው። ውሸቱን ነው፣ የሺዬ። ውሸት በየትኛውም ቋንቋ ያስታውቃል።»

«ጌታ ሆይ!» አለ አንዱ። ብርቅዬ በማግስቱ ጓዳ ድረስ መጥታ «ጎረቤታችን ማን ነው?» የሚለውን ፎቶ አነሳችና የጸሎት ግሩፑ ላይ ለቀቀችው፤ ከሥሩ «ያኔ የተጻፈ፣ ዛሬ የሚፈጸም» ብላ። ከግሩፑ ወደ ሌላ ግሩፕ ለመሄድ ጊዜ አልፈጀበትም። አርብ ጠዋት የሺእመቤት ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ አንዲት የማታውቃት ሴት ስልኳን ዘርግታ፣ «እማማ፣ ይቺን አንብበዋል? ልጆችዎን ይጠብቁ» አለቻት። የራሷ ግድግዳ ነበር። ስንጥቁን አወቀችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይኼ ነው፤ እሷ ግን በጊዜው የተሰማት፣ ለምን ይዋሻል፣ ኩራት ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ብርቅዬ እያለከለከች መጣች።

«አስኮ አንዲት ልጅ ጠፍታለች። ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። ቃለጽድቅ ዛሬ ማታ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ክፍሉን እንፈትሻለን።»

ቃለጽድቅ የሰፈሩ ጥበቃ አስተባባሪ ነው። «ልጆቹ» የሚባሉት ደግሞ ከመንገዱ ጫፍ መኪና የሚያጥቡት ጎረምሶች ናቸው።

«ፖሊስ አይሻልም?»

«ፖሊስ እስኪመጣ ሰውየው ይጠብቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ የሺዬ። ይልቅ ያቺን ጽሑፍ ቀሪዋን ፈልጊልን። ሰዉ ሁሉ 'ከዚያስ?' እያለ ነው። ያ ሰው መቼም እንዲህ ያለውን ምን እንደሚያደርጉት ሳይጽፍ አይቀርም።»

የሺእመቤት እምቢ ልትል ነበር። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ደግሞም ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ከእሷ ግድግዳ ነው። ብርቅዬ ስትሄድ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ ያዘች፣ አልጋው ላይ ወጣች፣ በጨርቅ እያራሰች ጠርዙን በጥፍሯ ማንሳት ጀመረች። የዱቄት ሙጫው ሲርስ የድሮ ሽታው ወጣ። «ጉልላትዬ ይቅር በለኝ» እያለች ገለበጠችው። ጭቃው ግማሹን ይዞ ቀርቷል፤ ግማሹ ይነበባል። መስኮቱ ጋ ወስዳ በመነጽሯ አየችው።

«...እጁን ይመልከት። ከላይ ያነበባችሁት የእኔ ቃል አይደለም። በእኛ ሰፈር አንድ ተከራይ ተደብድቦ ከመሞቱ በፊት ጠጅ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ታክሲ ተራው ሲለው የሰነበተ ቃል ነው። እኔ ለቅሜ ጻፍኩት እንጂ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ስታነቡት ራሳችሁን ከነቀነቃችሁ እናንተም እዚያ ነበራችሁ። ቦርሳውን ሲከፍቱት የልጁ ጫማ ነበር፣ ሊያስጠግን የያዘው። አከራይቱን ሄጄ፣ አንድ ቀን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ምን ብዬ? አለችኝ...»

ከዚያ በታች ጭቃ ነው።

የሺእመቤት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው፣ ያውም በሞተው ባሏ። ይህን ሁሉ ዓመት ከራሷ በላይ ለጥፎላት፣ ስትጠቅሰው እየሰማ፣ አንድ ቀን «ሴትዮ፣ ጨርሰሽ አንብቢው» አይላትም? ከዚያ ንዴቱ ሌላ የሚያርፍበት አጣና ወደ ራሷ ተመለሰ። ራሷን ነቅንቃ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ነቅንቃለች። «ምን ብዬ?» ያለችው በዚህ ሳምንት ነው፤ ቃሉን ከተገደለው ሰው አከራይ የተዋሰችው ይመስል።

ስልኳ ጮኸ። ሳያት ናት፣ ከሥራ ቦታ። «እማ፣ የአስኮዋ ልጅ ተገኝታለች እኮ። አክስቷ ቤት ነበረች። ብርቅዬ ግሩፑ ላይ አልለጠፈችውም?»

አልለጠፈችውም። የሚገርመው የሺእመቤት የተለጠፈ ነገር ለማየት ስልኳን እንኳ አልከፈተችም። ተነስታ ወደ ብረት በር መሥሪያው ሄደች።

ያደሳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከሥራ ሊወጣ ሲል ደረሰችበት። እሷን እዚያ ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። እሷ ፊቱ መለወጡን አየችና፣ ይኸው፣ አለች በሆዷ። ሰው ጋዜጣ ስላነበበ ጥርጣሬ በአንድ ቀን አይለቀውም። ቢሆንም «ና፣ ቤት እንሂድ፣ የምንነጋገረው አለ» አለችው። ሳሎን አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ልጄ፣ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ያደሳ ወደ በሩ አየ።

«ልቀቅ ካሉኝ እለቃለሁ፣ እትዬ የሺ። እስከ ነገ ብቻ ይታገሱኝ።»

«ልቀቅ አላልኩህም። ጠየቅኩህ እኮ።»

«ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። «ሲያውቁ ነው የሚያስወጡኝ። ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም።»

ዚፑን ከፈተው። የተጠቀለለ ንጹሕ ፋሻ፣ አንድ ጣሳ ቫዝሊን፣ የእርጎ ዕቃ፣ ከሶሉ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ሰፊ የሴት ጫማ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

«እናቴ ናት» አለ። «ዘነበወርቅ ናት።»

ኮልፌ ውስጥ እናቴ ዘነበወርቅ ናት ያለ ሰው፣ ድምፁን እንዲያ ዝቅ አድርጎ ከሆነ፣ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ሥጋ ደዌ፤ ሆስፒታሉ ያለው እዚያ ነው። ሰፈሩ ለዚህ በሽታ የሚያውቀው ስም አንድ ነው፣ ስሙም ስድብ ነው። የሺእመቤት ጫማውን ለማየት ዘርግታው የነበረው እጇ ሳታዘው ተመለሰ። ያደሳ አየው። የለመደው ነገር ስለሆነ ምንም አልመሰለውም፤ እሷን የገደላት ምንም አለመምሰሉ ነው። አፈረች። በሕይወቷ አፍራ የማታውቀውን ዓይነት ሐፍረት አፈረች።

«መድኃኒቷን ከጨረሰች ቆየች፣ አይተላለፍም» አለ ቶሎ ብሎ፣ ደጋግሞ ያጠናው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «የእግሯ ቁስል ነው ያልዳነላት። ፋሻውን እኔ አጥበዋለሁ። ውጭ እንዳላሰጣው ሰው ያያል። ስልኩ የእሷ ነው፤ ጣቶቿ መጫን አይችሉም። አገር ቤት ያሉት አያውቁም፣ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች ብያቸዋለሁ። ከዚህ በፊት ከሁለት ቤት ለቅቄያለሁ፣ እትዬ የሺ። አደራ። ለማንም እንዳይነግሩ፣ አደራ።»

«አልናገርም» አለች። ከዚያ፣ ሰው ሆና አላስችል ስላላት፣ «ግቢውንስ ለምን ጠረግከው?» ብላ ጠየቀችው።

ያደሳ ጥያቄው አልገባውም። «ቆሽሾ ነበራ» አለ።

የሺእመቤት ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተበላሽቶ እንባ ሆነባት። ጫማውን በሁለት እጇ አነሳችው፣ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ ስፌቱን አየችው። እጇ ፈርቷል። ቢፈራም አላስቀመጠችውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ቃለጽድቅ ፊት ነው፣ ከኋላው አራት አምስት ጎረምሳ፣ አንዱ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል፤ ከእነሱ ኋላ ብርቅዬና ከጸሎት ኅብረቱ ሁለት ሴቶች። ያደሳን ሳሎን ትታ በሩን በትከሻዋ ስፋት ብቻ ከፈተችው።

«እትዬ የሺ፣ ገብተናል» አለ ቃለጽድቅ በትሕትና።

«አልገባችሁም። እኔ አይቻለሁ፣ ምንም የለም።»

«ምን አገኙ?»

«የራሱን ዕቃ።»

«ጨርቁስ?» አለች ብርቅዬ ከኋላ። «ደሙስ? አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽን?»

«ተሳስቼ ነው። የአስኮዋም ልጅ ተገኝታለች።»

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ልጅቷ መገኘቷ ቅር ያሰኛቸው ይመስላል።

የሺእመቤት የራሰውን ወረቀት ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «ቀሪውን ፈልጊ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ገጽ ሰባት። 'ከላይ ያነበባችሁት የእኔ ቃል አይደለም' ይላል ሰውየው። ሰፈሩ ተናግሮ የገደለው ሰው...» ወረቀቱ መታጠፊያው ላይ ተበጠሰ። ግማሹ እጇ ላይ ቀረ፣ ግማሹን ንፋሱ የጎረምሶቹ እግር ሥር ጣለው። ያነሳው የለም።

«እኛ ጋ ያለው የመጀመሪያው ነው» አለች ብርቅዬ ስልኳን ከፍ አድርጋ። «እሱን ነው ሰው ሁሉ ያነበበው። ምንም ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገሪና እንሂድ። አንድ ቃል ብቻ።»

አንድ ቃል ነበራት። ያቺን ቃል ብትናገር ጎረምሶቹ ብረታቸውን ይዘው ወደ ኋላ እንደሚያፈገፍጉ ታውቃለች፤ እጃቸውን እንደሚታጠቡም ታውቃለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ያደሳ ፍራሹን ተሸክሞ አራተኛ ቤት ሲፈልግ ታያት። ከዚህ በፊት አፏን መክፈት እንጂ መዝጋት ይህን ያህል ከብዷት አያውቅም።

«አልነግርሽም» አለች።

«ለእኔም? ለብርቅዬም?»

«ለአንቺም።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ምን ሰጣት?» አለች አንዷ፣ ለመሰማት በሚበቃ ሹክሹክታ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች የሺእመቤት ወደ ቃለጽድቅ ዞራ። «ነገር ቢመጣ በእኔ ነው። የሚገባ ካለ እኔን ረግጦ ይግባ።»

ቃለጽድቅ አገጩን አከከ። ዋስ የምትሆን ሽማግሌ ሴት ገፍቶ የሚገባ ሰው በማግስቱ እድር ፊት ይቆማል፤ እሱን ያውቃል። ለጎረምሶቹ ምልክት ሰጠ። «እንግዲህ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት» ብሎ ሄደ፤ እነሱም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

ብርቅዬ ግን አልሄደችም። ቀረብ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የሺዬ፣ እኔና አንቺ ሃያ ዓመት አብረን ጸልየናል። ስምንት ወር ሙሉ ቤትሽ ኖሮ አላውቀውም ስትዪኝ የከረምሽውን ሰው፣ መቼ አወቅሽውና ነው ዋስ የምትሆኚው?»

የሺእመቤት ሌላ መልስ ብታገኝ ደስ ይላት ነበር።

«ዛሬ» አለች።

ብርቅዬ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ አጥሩን ሳታልፍም ስልኳን አውጥታ፣ እየተራመደች፣ መጻፍ ጀመረች።